ከሦስተኛ ፎቅ እናትን ማውረድ

«እስከ ማታ አትቆይም?» አለ ፓናጎስ በስልክ።

ስለ ወተት የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው። ስታማታ የስልኩን እጀታ ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ አየችው፤ ያንን ነገር ስልኩ ራሱ ተናግሮት እንደሆነ የጠረጠረች ይመስል። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ነበር። ከጀርባዋ፣ በሩ ገርበብ ካለው ክፍል፣ የእናቷ ትንፋሽ እሳት ላይ እንደተረሳ የባቄላ ድስት ይንተከተካል። ሊነጋ ሲል ጀምሮ እንዲህ ነው። እናቷ ጋሩፋሊያ ጋደም ስትል ትታፈናለች፣ ቀና ስትል ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ ይወድቃል። ስታማታ ሦስት ትራስና አንድ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ከጀርባዋ ደገፈችላት። ከዚያ እግሯን ነካ ብታደርገው ጣቷ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰረጎደ፣ የሰረጎደውም ቦታ ሳይሞላ ቀረ። ያኔ ነው ወደ ስልኩ የሮጠችው። «እስከ ማታ ምን ላድርጋት? እናትህ መተንፈስ አቅቷታል እኮ ነው የምልህ» አለችው። «ሰማሁሽ። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ግን አንቺም ታውቂያለሽ። መኪናዬ ዛሬ የኔ አይደለችም፤ ፀሐይ እስክትገባ የፓርቲው ናት። እስከዚያ አስፕሪን ስጫት» አለና ዘጋው።

ታናሹ ወንድሟ ሳራንቲስ እምቢ ያላት ቢያንስ ድምፁን አለስልሶ ነው። እሱ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ወይም የማይፈልገው ነገር ሲመጣበት «እታለሜ» ይላታል። «እታለሜ፣ ዛሬ እኮ ምርጫ ነው» አላት። ምርጫ መሆኑን መች አጣችው፤ ከተማው ሙሉ ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፣ የጎረቤት በረንዳ ሁሉ ባንዲራ ተሰቅሎበታል፣ ዳቦ የምትገዛበት ሰውዬ እንኳ የሷን ወገን ስላላወቀ ብቻ መልሷን እጇ ላይ መስጠት ትቶ ጠረጴዛው ላይ መወርወር ጀምሯል። ሳራንቲስ ወረቀት ሲያንኮሻኩሽ ተሰማት። «ሃያ ሦስት አሮጊት ነው የሰጡኝ፣ አየሽ። አንዷ አንካሳ፣ አንዷ ዕውር፣ አንዷ ደግሞ ድመቷን ካልያዘች ከቤት አትወጣም። ሁሉንም አመላልሼ አስመርጬ መመለስ አለብኝ።» ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ሃያ አራተኛዋን ያንተኑ እናት ጨምርበት» አለችው። ሳራንቲስ ሕፃን ልጅ የሚያስረዳ ይመስል ረጋ ብሎ መለሰላት። «የኔዋማ አትመርጥም።»

እውነቱን ነው፣ አትመርጥም። ከአራት ዓመት በፊት በነበረው ምርጫ ሁለቱ ልጆቿ አንዱ ቀኝ እጇን አንዱ ግራ እጇን ይዘው ድምፅ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት በር ላይ ሲጓተቱባት የካፖርቷ ብብት ተቀደደ። ባለ አረንጓዴ ባንዲራው ፓርቲ አሸነፈ፤ አረንጓዴው ሳራንቲስ ወደብ ላይ ሥራ ገባ። በዚያው ወር የሰማያዊው ፓርቲ ሰው የፓናጎስ ልጅ ከዚያው ወደብ ተባረረ። ማን እንዳስባረረው ማንም አያውቅም፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ግን እናውቃለን ይላሉ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። በአራት ዓመት ውስጥ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም በስታማታ በኩል ነው የተስማሙት፤ የእናታቸው የምርጫ ደብተር ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት እንዲቀመጥና ጋሩፋሊያ ለማንም እንዳትመርጥ። ለሌላው ከምትሆን ለማንም አትሁን ነው ነገሩ። ስታማታ ያኔ ሰላም የወረደ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ዛሬ ነው የገባት። የማትመርጥ አሮጊት በማንም ዝርዝር ላይ የለችም፣ በማንም ዝርዝር ላይ የሌለችን አሮጊት ደግሞ ማንም መኪና አይመጣላትም።

አምቡላንስ ጠራች። አምቡላንስ የለም፣ ወጥቷል፣ ሲመለስ እንልካለን አሏት። አንድ ሰዓት ጠበቀች፣ እንደገና ደወለች፣ ያው መልስ ነው። ወርዳ መንገድ ላይ ቆመች፤ በቤት ጫማ መሆኗን ያየችው አስፋልቱ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው። ታክሲ ሁሉ በሰው ተሞልቶ ያልፋል፣ በየመስኮቱ ባንዲራ ወጥቷል። አንድ ባዶ አገኘች። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ፎቆቹን ቆጠረ። «ሊፍት አለው?» «የለውም።» «ትራመዳለች?» «ብትራመድ አንተን ለምን አቆምሃለሁ?» ወገቡን እንደሚያመው ነግሯት ሄደ። ስትመለስ የሁለተኛ ፎቋ ፍሮሶ ፀጉሯን ጠቅልላ በሯ ላይ ቆማለች፤ በረንዳዋ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግታለች። የአሮጊቷ ትንፋሽ እስከ እሷ ድረስ መሰማቱን ነገረቻት፣ አዘነች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንዲያው ለመሆኑ ልታስመርጧት ነው እንዴ?» አለች። ስታማታ መልስ ሳትሰጣት አለፈች። መልስ ብትሰጣት ከዚያ በኋላ ባንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ አይችሉም ነበር።

ላይ ስትደርስ እናቷ ዓይኗን ከፍታለች። «መጡ?» አለች፤ ሁለት ፊደል ለማውጣት ሦስት ጊዜ ነው አየር የሳበችው። ስታማታ «እየመጡ ነው» አለቻት። የተናገረችው ውሸት አፏ ውስጥ እንዳለ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ክፍሉን አየችው። መድኃኒት የተደረደረበት ኮመዲኖ፣ ከታች ባልዲው፣ ግድግዳው ላይ የሁለቱ ልጆች የወታደርነት ፎቶግራፍ አለ። የሷ ፎቶግራፍ የለም፤ እሷ እዚሁ ስላለች ማንም ፎቶግራፍ ያስፈልጋታል ብሎ አላሰበም። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ክፍል ውስጥ አጥባለች፣ ገልብጣለች፣ አጉርሳለች። ወንድሞቿ በበዓል ይመጣሉ፤ አንዱ ጠዋት አንዱ ከሰዓት፣ እንዳይገናኙ ሰዓቱን የምታመቻችላቸው እሷው ነች። ንዴት ሲይዛት እጇ ይቀዘቅዛል እንጂ አትጮህም። አሁን ሁለቱም እጇ በረዶ ሆኗል። ተነሣችና ወደ ስልኩ ሄደች።

ሰማያዊዎቹ የሚሰበሰቡበት ካፌ ደወለች። ያነሣውን ሰው «ለፓናጎስ ንገርልኝ። ሳራንቲስ እናቱን ሊያስመርጣት እየመጣ ነው፤ የምርጫ ደብተሯን አግኝቶታል በለው» አለችው። ዘጋችና አረንጓዴዎቹ ጋ ደወለች። «ለሳራንቲስ ንገሩልኝ። ፓናጎስ እናቱን ሊያስመርጣት መንገድ ላይ ነው።» ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ከአራት ተኩል አምስት ደቂቃ አልፏል።

ፓናጎስ በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ሃምሳ አራት ደረጃ ሮጦ የወጣ የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በሩን ሲገባ መጀመሪያ ያየው ወጥ ቤቱን ነው፣ ከዚያ በረንዳውን፣ ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍቶ ውስጡን አየ። «የት አለ? ወሰዳት?» አለ። እናቱ ያለችበትን ክፍል በመጨረሻ ነው ያየው። ያኔ ደግሞ ሳራንቲስ ደረጃው ላይ ሲተነፍስ ተሰማ፤ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ገባና ወንድሙን ሲያይ ደረቀ። ሁለቱም የፈሩት ነገር ዓይናቸው ፊት ቆሟል፤ ሌላው ቀድሞ መጥቷል። ማንም «እንዴት አደረች?» አላለም። ስታማታ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

«ወንበሩ ያውላችሁ» አለች። «እማዬ ትወርዳለች። ወዴት እንደምትሄድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የወንበሩን አንድ ወገን ይያዝ። መያዝ የማይፈልግ አሁኑኑ ይውጣና ለሌላው ይተውለት።»

ማንም አልወጣም። ለዚያ ብላ ነው የተናገረችውም።

ጋሩፋሊያ ከባድ ሴት ናት፣ ሰውነቷ የቋጠረው ውሃ ደግሞ ጨምሮባታል። የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ላይ አስቀምጠው በአንሶላ ደረቷ ላይ አሰሯት፣ ፓናጎስ ከላይ መደገፊያውን፣ ሳራንቲስ ከታች እግሮቹን ያዙ፣ ስታማታ ትራስ ይዛ በጎን ተጠጋች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ በየመታጠፊያው ላይ ሁለቱ እኩል ካልዞሩ ወንበሩ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። እኩል ለመዞር ደግሞ መነጋገር ያስፈልጋል። «ንገሪው፣ የሱን ወገን ከፍ ያድርግ» አለ ፓናጎስ። «ከፍ አድርጌያለሁ በይው። እሱ ነው የሚገፋው» አለ ሳራንቲስ፤ በመካከላቸው ያለው የእናታቸው ጉልበት ብቻ ነው። ስታማታ የመጀመሪያውን ዙር መልእክት አመላለሰች። በሁለተኛው ዙር ላይ ወንበሩ አንድ ወገን ዘመመና ጋሩፋሊያ ትንሽ ድምፅ አሰማች፣ ማቃሰትም አልነበረም፣ መርፌ የተነቀለበት ጎማ ነው የሚመስለው። «ከዚህ በኋላ አፌ ተዘግቷል» አለች ስታማታ። «የምትፈልጉትን ለራሳችሁ ተናገሩ። ካልተናገራችሁ ጣሏት፤ እኔ ምስክር እሆናለሁ።»

ከዚያ በኋላ ፓናጎስ ለማንም እንደማይናገር ሰው ወደ ጣሪያው እያየ «አንድ» አለ። ሳራንቲስም ወደ ታች እያየ «አንድ» አለና አንድ ደረጃ ወረዱ። «ሁለት።» «ሁለት።» እንዲህ እየቆጠሩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደረሱ። ፍሮሶ በሯ ላይ ነበረች፤ ከፊት ለፊቷ ያለው የጡረተኛው አስተማሪ በርም ተከፍቷል፣ እሱ ሰማያዊ ነው። ፍሮሶ ሳራንቲስን አይታ «አይዞን፣ አንድ ድምፅም ድምፅ ነው» አለች። አስተማሪው ደግሞ ፓናጎስን አይቶ አውራ ጣቱን አነሣለት። አሮጊቷ በአንሶላ ታስራ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ዓይኗ ነጩ ብቻ እየታየ በመካከላቸው ታልፋለች። ሁለት ጎረቤት፣ ሃያ ዓመት አንድ የውሃ ቆጣሪ የተካፈሉ ሰዎች፣ ያዩት ድምፅ ሲወርድ ነው። ስታማታ ትራሱን ጨበጠችው። የጨበጠችው ትራስ ባይሆን ኖሮ ብላ አሰበች፣ አሳቧንም አልጨረሰችውም።

ከታች አስፋልቱ ላይ ሌላ ጣጣ ጠበቃቸው። የሳራንቲስ መኪና ባለ ሁለት በር ናት፤ እንኳን ጋሩፋሊያ ፍየልም አጎንብሳ አትገባባትም። የፓናጎስ ሰፊ ናት፣ ባለ አራት በር፣ አንቴናዋ ላይ ሰማያዊ ባንዲራ በሽቦ ተጠምጥሟል። ያንን ባንዲራ ስታማታ ታውቀዋለች። ከመጋቢት ጀምሮ ቤቷ ቁጭ ብላ እንዲህ ያሉ ባንዲራዎች የምትሰፋው እሷ ናት፣ ለአንዱ ጠርዝ ሦስት ድራክማ እየተከፈላት፤ ጠዋት አረንጓዴ ከሰዓት ሰማያዊ፣ በአንድ መርፌ። ያሠራት ሰውዬ ለሁለቱም ይሸጣል፣ ለሁለቱም እኩል ያስከፍላል፣ ከከተማው ውስጥ በዚህ ዓመት ከማንም ጋር ያልተጣላ እሱ ብቻ ነው።

እናታቸውን ከኋላ ወንበር ላይ አስገቧት። በአንድ ወገን ስታማታ ደግፋ ትይዛታለች፤ በሌላው ወገን ሌላ ሰው ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ትወድቃለች። ሳራንቲስ ሊገባ ሲል ፓናጎስ ትከሻውን አስገባ። ወንድሙ እናቱ ጆሮ አጠገብ ተቀምጦ የፈለገውን ሹክ እንዲላት አይፈቅድም። «እሺ፣ ይግባ» አለ ሳራንቲስ ወደ ስታማታ እያየ፤ «ግን መሪውን እሱ አይዝም። እሱ ከነዳ የሚያደርሳት ትምህርት ቤት ነው።» ፓናጎስ ተቆጣ። «በገዛ መኪናዬ?» ስታማታ ከውስጥ ሆና የእናቷን አገጭ በመዳፏ ደግፋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እንግዲያው አንተ እዚህ ግባ፣ እሱ ይንዳ» አለች። ሌላ መንገድ አልነበረም። ሁለቱ እንደዚህ ካልሆነ በቀር የሚተማመኑበትን መንገድ ፈልገው ፈልገው አጡ። ሳራንቲስ ባንዲራውን ልፍታው አለ። ፓናጎስ ከመኪናዬ ላይ የሚወርድ ነገር የለም አለ። ሽቦውም ለማውለቅ ቆራጭ ይፈልግ ነበር።

እናም ሳራንቲስ፣ የወደቡ ሳራንቲስ፣ የሰፈሩ አረንጓዴዎች ሁሉ የሚያውቁት ሰው፣ ሰማያዊ ባንዲራ የሚያውለበልብ መኪና እየነዳ በእሁድ ረፋድ ከተማውን አቋርጦ ሄደ። አንገቱን ወደ ትከሻው ቀብሮ ነበር የሚነዳው። በዋናው መንገድ መታጠፊያ ላይ የአረንጓዴዎቹ ድንኳን አለ። እዚያ ያሉት ሰዎች ገና ከሩቅ ባንዲራውን አይተው መጮህ ጀመሩ። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር መኪናዋ ቀስ አለች፤ አንድ ሰው መጥቶ በመዳፉ የፊቷን ክዳን መታው። «ሬሳ ጭናችሁ ልታስመርጡ ነው? አታፍሩም? ቄስም አምጡላት» አለና መስታወቱ ላይ እንትፍ አለ። ምራቁ በሳራንቲስ ፊት ለፊት ወረደ። ሳራንቲስ መስኮቱን ከፈተ። «ሚሚስ፣ እኔ ነኝ» አለ። «እናቴ ናት፣ ታማብኝ ነው።» ሳራንቲስ የሚሚስን ልጅ ክርስትና አንሥቷል፣ ባለፈው ፋሲካ አንድ ጠረጴዛ ላይ በግ በልተዋል። አጎንብሶ አየው። ሳራንቲስን አየ፣ ባንዲራውን አየ፣ ተመልሶ ሳራንቲስን አየ። ከኋላ ያለችውን አሮጊት አላየም። «ስንት ከፈሉህ?» አለው።

ሳራንቲስ መስኮቱን ዘጋ። ጆሮው ቀልቶ ከኋላ ለተቀመጠችው ለስታማታ ይታያታል፤ ሕፃን ሳለ እናታቸው ስትቆጣው እንደሚቀላው። ፓናጎስ ይስቃል ብላ ጠበቀች። አልሳቀም። ጥቂት እንደሄዱ ጉሮሮውን ጠረገና «በቀኝ በኩል ታጠፍ፣ ግራው ተዘግቷል» አለ። በአራት ዓመት ውስጥ ለወንድሙ በቀጥታ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ነው። ሳራንቲስ በቀኝ ታጠፈ።

በቀኝ በኩል ደግሞ የሰማያዊዎቹ ጠረጴዛ ነበር። እነሱ መኪናዋን ስለሚያውቋት እያጨበጨቡ ተቀበሏት፤ ወፍራሙ የቆርቆሮ ነጋዴ መንገዱ መሀል ገብቶ አስቆማትና ጭንቅላቱን በኋላ መስኮት አስገባ። «ጎበዝ ፓናጎስ፣ አሮጊቷን ከነሱ አፍ ነጠቅሃት። ትምህርት ቤቱ ግን በዚያ በኩል ነው።» ፓናጎስ ሆስፒታል እየሄድን ነው አለው። «ሆስፒታል የት ይሄዳል? አምስት ደቂቃ ናት፣ እኛ ተሸክመን እናስገባታለን፣ ወረቀቱንም እናጥፍላታለን፣ ሳጥኑ ውስጥ ለመክተት እሷ እጇን ብቻ ታንሳ። ከዚያ ሆስፒታል ትሄዳለች» አለ ሰውዬው፤ በደግነት ነው የሚናገረው፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ። ፓናጎስ ወደ እናቱ ዞረ። ጠዋት ከመጣ ጀምሮ ፊቷን በደንብ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ወድቆ፣ ምራቋ ሸሚዙን አርሶታል፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንገቷ ላይ ያለው ሥር እንደ ገመድ ይወጠራል። ስታማታ ጠበቀችው። «እሺ» የሚል አንድ ቃል ቢናገር፣ ያኔ ምን እንደምታደርግ ታውቃለች፤ መስኮቱ አጠገቧ ነው፣ የሰውየውም አፍንጫ አጠገቧ ነው። ፓናጎስ ግን የመስኮቱን መዝጊያ ማሽከርከር ጀመረ፤ ሰውዬው ጭንቅላቱን እስኪያወጣ አልጠበቀውም። «ንዳ» አለ ለወንድሙ። «ጥሩምባውን ይዘህ ንዳ።»

ሆስፒታሉ ውስጥ አግዳሚው ሁሉ በሰው ሞልቷል። ነርሶቹ እናታቸውን ከመኪናው ወደ አልጋ አዛውረው፣ አፏ ላይ ጭምብል አድርገው፣ መጋረጃ ጋርደው አስወጧቸው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሐኪሟ መጣች፤ ወጣት ናት፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሳንባዋ በውሃ ተሞልቷል አለቻቸው፣ ልቧ ደክሟል፤ መድኃኒት ሰጥተናታል፣ ውሃው መውጣት ጀምሯል፣ ሌሊቱን ካለፈች ትተርፍ ይሆናል። ከዚያ ወረቀቷን እያየች «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?» አለች። ስታማታ «ሊነጋ ሲል» አለች። ሐኪሟ ሰዓቷን አየችና ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «አንድ ሰዓት ላይ ብታመጧት ልቧ ይህን ያህል ባልተጎዳ ነበር» አለች። ተቆጥታም አልነበረም፤ ለመቆጣት ጊዜ የላትም።

መጋረጃው ሲዘጋ ፓናጎስ ጣቱን አነሣ። «እሱ ሊያስመርጣት ባይመጣ ኖሮ...» አለ። «እኔ?» አለ ሳራንቲስ፤ «አንተ መንገድ ላይ ነህ ተብዬ አይደለም የመጣሁት?» «ማን አለህ?» «አንተንስ ማን አለህ?» ከዚያ ሁለቱም እኩል ወደ እህታቸው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ እንዲህ ሲሆኑ ማን እንደወለዳቸው ማንም አይሳሳትም።

«ማንም አልመጣም ነበር» አለች ስታማታ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። አንድ ሰዓት ላይ እውነቱን ነገርኳችሁ። እናታችሁ መተንፈስ አቅቷታል አልኳችሁ። አንተ አስፕሪን አልከኝ፣ አንተ ሃያ ሦስት አሮጊት ቆጠርክልኝ። ከሦስት ሰዓት በላይ ጠበቅኋችሁ። ከዚያ ወንድምህ ሊወስዳት ነው ስላችሁ በዘጠኝ ደቂቃ መጣችሁ። ሰዓት ይዤ ነበር።» አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ማዳመጥ ጀምረዋል፤ እሷ ግን ግድም አላላት። «እናታችሁን አትወዱም አልልም። ትወዳላችሁ። እርስ በርስ የምትጠላሉትን ያህል ግን አይደለም። እኔ ያወረድኳት በዚያ ነው፤ በሌላ ነገር የምትወርድ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ወርዳ ነበር።»

ሳራንቲስ መሬት መሬት አየ። ፓናጎስ ኪሱን ሲጋራ ፍለጋ ዳበሰ፣ አገኘ፣ አላቀጣጠለውም። እንዲህ ሆነው ከሰዓቱን ዋሉ። በየመካከሉ አንዱ ወይም ሌላው የኮሪደሩን ሰዓት በስርቆት ያያል፤ ውጭ የሚጠብቁት አሮጊቶች አሉ፣ የሚያመላልስ መኪና ይፈለጋል። ግን አንዱ ካልሄደ ሌላው አይሄድም፤ ማንም ለሌላው አንድ ድምፅ እንኳ ብልጫ አይሰጥም። በዚህ ምክንያት ብቻ እናታቸው አጠገብ ለሰባት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ስታማታ ይህንንም አየች፤ ለመሳቅም ለማልቀስም አቅም አልነበራትም። አንድ ጊዜ ሳራንቲስ ሄዶ ሦስት የአይብ ቂጣ ገዝቶ መጣ፤ አንዱን ለእህቱ ሰጣት፣ አንዱን አግዳሚው ላይ፣ በራሱና በፓናጎስ መካከል፣ ለማንም እንዳላመጣው አድርጎ አስቀመጠው። ፓናጎስ ለረጅም ጊዜ አየው። በመጨረሻ ማንም እንዳላስቀመጠው ቆጥሮ በላው።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ነርሷ መጣችና አስታማሚ አንድ ሰው ይቆያል፣ ሌሎቻችሁ ውጡ አለች። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ብድግ አሉ። የበር ጠባቂው ራዲዮ ከፍቷል፣ ቆጠራው ሊጀመር ነው። «ስታማታ ትቆያለች፣ እሷ ነች የለመደችው» አለ ፓናጎስ ኮቱን እያነሣ፤ ሳራንቲስም «አዎ፣ እሷ ታውቅበታለች» አለ። እነሆ ተስማሙ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው፣ አሁንም በሷ ላይ።

ስታማታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች። ለነርሷ «ሁለቱ ይቆያሉ» አለቻት። «አንድ ነው የተፈቀደው» አለች ነርሷ። «አንዱ ብቻውን አይበቃም። የሁለቱ ዕውቀት ተደምሮ ነው አንድ አስታማሚ የሚወጣው።» ነርሷ ሁለቱን ትልልቅ ሰዎች አየቻቸውና መንገዱን ለቀቀችላቸው። ፓናጎስ «ስታማታ፣ ዛሬ እኮ ነው ውጤቱ» አለ። «አውቃለሁ» አለችው። «ነገ ጠዋት ይነግሩሃል፤ ሳትሰማው የትም አይሄድም።»

አውቶቡስ አልነበረም፤ መንገዱ ሁሉ በሰውና በመኪና ተዘግቷል። አራት ኪሎ ሜትሩን በቤት ጫማዋ ሄደችው። ግማሹ መንገድ ላይ ስትደርስ የመኪናው ሁሉ ጥሩምባ ባንዴ ጮኸ፣ ሰው ከየካፌው ወጥቶ ይተቃቀፍ ጀመር፣ አንዳንዱ ደግሞ በሩን እየዘጋ መብራቱን አጠፋ። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቀችም፣ የባንዲራውንም ቀለም ቀና ብላ አላየችም። አንዲት የማታውቃት ሴት ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ስታማታ በጎን አለፈቻት። ደረጃውን ስትወጣ ፍሮሶ ቤት ሳቅ ይሰማል፣ የአስተማሪው በር ሥር ግን ብርሃን የለም። ላይ ገብታ መስኮቱን ዘጋች፣ የእናቷን አንሶላ ገፈፈች፣ ቲማቲም ከተፈች፣ ዳቦ ቆረሰች። ጉርሻዋን ሳትውጥ ስልኩ ጮኸ።

ሳራንቲስ ነበር፤ ከሆስፒታሉ ኮሪደር የሕዝብ ስልክ ነው የሚደውለው፣ ሳንቲሙ ሲወድቅ ተሰማት። «እታለሜ» አለ። «ነቅታለች። ውሃ ጠማኝ እያለች ነው።»

«ሐኪሟ ከፈቀደች አጠጧት።»

«በማንኪያ ብላለች። ስናጠጣት ግን ያንቃታል። ሁለቴ ሞከርን። አንቺ እንዴት ነው የምታደርጊያት?»

ስታማታ ዳቦውን አስቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ከኋላዋ አልጋው ላይ ትወጣለህ» አለችው። «ጀርባዋን ደረትህ ላይ ታስደግፋለህ። ግንባሯን ባንድ እጅህ፣ አገጯን በሌላው ይዘህ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ታደርጋታለህ እንጂ ወደ ኋላ አታዘነብላትም። እስክትውጥ ትጠብቃለህ። ከዚያ ሌላ ማንኪያ።»

ከኋላ የፓናጎስ ድምፅ «ምን አለች?» ሲል ተሰማ። ሳራንቲስ ደገመለት፤ ሳያሳጥር፣ ቃል በቃል። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ። «ሁለቱ እጄ ከተያዘ ማንኪያውን በምን ልያዘው?»

«አንተ አትይዘውም። ማንኪያውን እሱ ይይዛል።»

ጥሩምባው በዚያም በዚህም ይጮሃል። ሳራንቲስ ሲተነፍስ ይሰማታል፤ የሆነ ነገር እያሰላ ነው፣ እጅ እየቆጠረ።

«ታዲያ» አለ በመጨረሻ፤ «አንቺ ብቻሽን እንዴት ነበር የምትችይው?»

ስታማታ ስልኩን ዘጋችበት።